ፎቶው ለምን ይሸሻል?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ግንቦት ሲገባ የዚህ አምድ የጥያቄ ሳጥን መልኩን ይቀይራል። ሌላ ጊዜ ስለ ስልክ ባትሪና ስለ ዋይፋይ የምትጠይቁኝ ሰዎች ድንገት ስለ ዎርድ ማውራት ትጀምራላችሁ። ምክንያቱ አይጠፋኝም። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ቀርቧል። በዚህ ሰሞን ሀዋሳ ውስጥ ተማሪ የሚበዛበት አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታችሁ ግማሽ ቀን ብትቀመጡ፣ ፍላሽ ይዞ "እባክህ እቺን ፎቶ ብቻ ወደ ላይ አድርግልኝ" የማይል ሰው አታገኙም። እኔም ለዓመታት ከነዚህ ቤቶች በአንዱ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ኖሬያለሁ። "እቺን ብቻ" የምትባለዋ ፎቶ ሁለት ሰዓት እንደምትፈጅ የማውቀው ከዚያ ነው።

ስለዚህ የዛሬው አምድ ስለ ገጽ አቀማመጥና ስለ ፎቶ ብቻ ነው። የብዙዎቻችን ዎርድ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የማዘዣዎቹን ስም ስክሪኑ ላይ እንደሚነበበው በፊደላችን ጽፌዋለሁ። እንሂድ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ 23 ፎቶ አለ፣ ሁሉንም ሐይቁ ዳር ነው ያነሳኋቸው። አንድ አንቀጽ በጨመርኩ ቁጥር ይበታተናሉ። አንዱ ወደሚቀጥለው ገጽ ይሄዳል፣ ሌላው ጽሑፍ ላይ ይወጣል፣ አንዱ ጭራሽ ጠፋ። አማካሪዬ "አስተካክለሽ አምጪ" ብሎ መለሰልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ በማውስ ስጎትት ነው የከረምኩት። ምን ላድርግ?
ተመራቂዋ፣ ከታቦር ክፍለ ከተማ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እጅሽን ከማውሱ ላይ አንሺ። የባሰበት በጎተትሽው ልክ ነው።

ዎርድ ፎቶን በሁለት መንገድ ነው የሚያየው። አንደኛው እንደ ፊደል ነው። ኢንሰርት ብለሽ ፒክቸርስ ውስጥ ገብተሽ ፎቶ ስታስገቢ፣ ማንም ካልነካካው በስተቀር፣ ለፕሮግራሙ ያ ፎቶ አንድ በጣም ትልቅ "ሀ" ነው። መስመር ላይ ይቀመጣል። ከፊቱ ኢንተር ስትመቺ ይወርዳል፣ ባክስፔስ ስትመቺበት ይጠፋል፣ መሐል ሁን ስትዪው እንደ ርዕስ መሐል ላይ ይሆናል። ይህ ኢን ላይን ዊዝ ቴክስት ይባላል።

ሁለተኛው ተንሳፋፊ ነው። ጠዋት አሞራ ገደል ወርደሽ ጀልባዎቹን አይተሽ ከሆነ ነገሩ ቶሎ ይገባሻል። ጀልባው ውሃው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ገመዱ ግን ዳር ካለ ችካል ጋር ታስሯል። ዎርድ ውስጥም የሚንሳፈፍ ፎቶ ሁሉ ከአንድ አንቀጽ ጋር የታሰረ ነው። ፎቶውን ስትነኪው ከአንዱ አንቀጽ ጎን ትንሽ የመልሕቅ ምልክት ብቅ ትላለች፤ ችካሉ ያለው እዚያ ነው። ከዚያ አንቀጽ በላይ ሌላ ጽሑፍ ስትጨምሪ ችካሉ ይወርዳል፣ ፎቶውም ይከተለዋል። ያንን አንቀጽ ካጠፋሽው ደግሞ ፎቶውም አብሮ ይሄዳል። "ጭራሽ ጠፋ" ያልሽው ፎቶ የሄደው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። አማካሪሽ ሰርዢው ያለሽ አንቀጽ አልነበረም?

ጽሑፍ ላይ የወጣብሽ ፎቶ ደግሞ ኢን ፍሮንት ኦፍ ቴክስት ተደርጓል ማለት ነው። ፎቶ ስትነኪ በቀኝ ጥጉ በኩል ብቅ የምትል ምልክት አለች፣ ሌይአውት ኦፕሽንስ የምትባለው። ምርጫዎቹ ሁሉ እዚያ ናቸው። ስኩዌር ጽሑፉን በፎቶው ዙሪያ ያዞረዋል፣ ታይት ደግሞ ቅርጹን ተጠግቶ ያዞረዋል፣ ቶፕ ኤንድ ቦተም ከላይና ከታች ብቻ ጽሑፍ ያስቀራል፣ ቢሃይንድ ቴክስት ፎቶውን እንደ ምንጣፍ ከጽሑፉ ሥር ያነጥፈዋል። ለጥሪ ካርድና ለማስታወቂያ ያምራሉ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ግን በበኩሌ አልመክርም። ገና አራት ጊዜ "አስተካክለሽ አምጪ" የሚባል ነገር ላይ የሚንሳፈፍ ፎቶ ማስቀመጥ ጣጣ መግዛት ነው።

ስለዚህ 23ቱንም ወደ ኢን ላይን ዊዝ ቴክስት መልሺያቸው። እያንዳንዱን ነክተሽ ከሌይአውት ኦፕሽንስ የላይኛውን መምረጥ ነው፣ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ፎቶው ለብቻው አንድ መስመር ይያዝ፣ ከዚያ ኮንትሮል ይዘሽ ኢ የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ስትመቺ መሐል ይገባል። እዚያው ላይ ሆነሽ ፓራግራፍ የሚለውን መስኮት ክፈቺና ላይን ኤንድ ፔጅ ብሬክስ ውስጥ ኪፕ ዊዝ ኔክስት የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ። ፎቶው አንድ ገጽ ላይ፣ መግለጫው ሌላ ገጽ ላይ እንዳይቀር የሚያደርገው ይኸው ነው። ብዙ ሰው አያውቀውም፣ በኢንተር ሊያስተካክለው ይሞክራል፣ በማግስቱ አንድ ቃል ሲጨመር ሁሉም ይፈርሳል።

መግለጫውንም በእጅሽ "ሥዕል 7" ብለሽ አትጻፊ። ፎቶውን ነክተሽ ሪፈረንስስ ውስጥ ኢንሰርት ካፕሽን በይ። ፊገር የሚለውን ካልፈለግሽ ኒው ሌብል ብለሽ "ሥዕል" ብለሽ ጻፊበት። ከዚያ በኋላ መሐል ላይ አንድ ፎቶ ብትጨምሪ ኮንትሮል ኤ፣ ቀጥሎ ኤፍ 9 ስትመቺ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይስተካከላሉ። የሥዕሎችን ዝርዝር ማውጫም እዚያው ካለው ኢንሰርት ቴብል ኦፍ ፊገርስ በአንድ ጊዜ ታወጪዋለሽ። ይህንን የማያውቅ ልጅ ማውጫውን በእጁ ሲጽፍ ሌሊቱ ይነጋበታል።

አንድ ነገር ቀረ። ፎቶ እንደ ፊደል ሲሆን፣ ገጹ መጨረሻ ላይ ካልበቃው ተነስቶ ወደሚቀጥለው ገጽ ይሄዳል፣ ከኋላው ነጭ ቦታ ይተዋል። ይህ ስህተት አይደለም። ከፎቶው በታች ካለው ጽሑፍ አንድ አንቀጽ ቆርጠሽ ከፎቶው በላይ አምጪና ክፍተቱን ሙዪበት። "ከታች ያለው ፎቶ" ከማለት ይልቅ "በሥዕል 7 እንደሚታየው" ብለሽ የምትጽፊ ከሆነ ፎቶው ትንሽ ራቅ ቢልም ማንም ግራ አይገባውም።

ጥያቄ፦ ብሮ እንዴት ነህ። መናኸሪያ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ትናንት ደንበኛ ባመጣው ፋይል ላይ ፎቶ ሳስገባ ክር የምታህል ብቻ ትታያለች፣ የቀረው የለም። አዲስ ፋይል ላይ ሳስገባ ግን ሙሉው ይታያል። ፋይሉ ቫይረስ አለበት እንዴ?
ጀማሪው

መልስ፦ የለበትም ወንድሜ። እኔ በዚህ ነገር ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ። ደንበኛዬ ከኋላዬ ቆሞ ሰዓቱን እያየ፣ እኔ ኦፊስን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ፎቶው ያው ክር ሆኖ ተመለሰ። ያን ቀን ያፈርኩትን አልረሳውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎቶው ፊደል ነው ብዬ የለ? ያ አንቀጽ ውስጥ የመስመሮቹ ከፍታ በግድ ታስሯል። ፓራግራፍ ውስጥ ገብተህ ላይን ስፔሲንግ የሚለውን እየው፣ ኤግዛክትሊ ተብሎ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ 18 ነጥብ እንበል። 18 ነጥብ ማለት ከ6 ሚሊ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ነው። አንተ ደግሞ 8 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም "ፊደል" አስገባህበት። ዎርድ የታዘዘውን ያደርጋል፣ 6 ሚሊ ሜትሯን አሳይቶህ ሌላውን ይደብቃል።

መድኃኒቱ አንድ ሰከንድ ነው። ፎቶው ያለበት መስመር ላይ ቆመህ ኮንትሮል ይዘህ 1 ምታ። ሲንግል ይሆናል፣ ፎቶው ብቅ ይላል። ሙሉውን ፋይል እንዳትነካ ግን፣ ሰውዬው ኤግዛክትሊ ያደረገው በምክንያት ሊሆን ይችላል። በአንድ መስመር ውስጥ አማርኛና እንግሊዝኛ ሲቀላቀል የሁለቱ ፎንት ከፍታ ስለሚለያይ መስመሮቹ እኩል አይራራቁም፣ እዚህ ሰፋ፣ እዚያ ጠበብ ይላሉ። ያንን ለማስተካከል ብዙ ሰው ኤግዛክትሊን ይጠቀማል። ደግ ነው፣ ፎቶ ያለበትን መስመር ብቻ ለይቶ መተው ነው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። እንደምን ሰንብተሃል ልጄ። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ የሰፈራችን እድር ጸሐፊም ነኝ። የአባላቱን ስምና መዋጮ፣ ከዚያም የእድሩን አጭር ታሪክ በሁለት ዓምድ አድርጌ በቤቴ ኮምፒውተር በጥንቃቄ አዘጋጀሁ። ማተሚያ ቤት ወስጄ ሲከፍቱት አማርኛው ጠፍቶ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆነ። ሌላ ቦታ ሲከፈት ደግሞ ፊደሉ ቢነበብም ስሞቹና ብሮቹ ተዛንፈው፣ ገጹም ከ12 ወደ 14 አድጎ ጠበቀኝ። ጥፋቱ የማን ነው?
ከሐይቅ ዳር

መልስ፦ መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጥያቄዎ ሦስት በሽታ በአንድ ላይ ይዟል። ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም።

አንደኛው የፎንት ነው። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ሲጽፉ ኮምፒውተሩ በልቡ የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ ፎንቱ ብቻ የግዕዝ ካባ ያለብሰዋል። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ካባው ይወልቅና ራቁቱን የቀረው ምልክት ይታያል። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሰንጠረዥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ "ሀ" የትም ቢሄድ "ሀ" ነው፣ መልኩ ቢቀየር እንጂ ሌላ ፊደል አይሆንም። ኒያላ፣ ኢብሪማ፣ አቢሲኒካ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ሁሉም የዩኒኮድ ናቸው። ፓወር ግዕዝም የዩኒኮድ የሆነው አለው፣ ስለዚህ ስሙን ብቻ አይተው አይመኑ። ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ጽሑፉን ይምረጡና ፎንቱን ኢብሪማ ያድርጉት። አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ፊደል ከዞረ የድሮው ነው፣ ኮንትሮል ዜድ ብለው ወደነበረበት ይመልሱት።

ሁለተኛው የወረቀቱ ልክ ነው። እኛ አገር የምንገዛው ወረቀት ኤ4 ነው፣ ወርዱ 21፣ ቁመቱ 29.7 ሴንቲ ሜትር። ዎርድ ግን ብዙ ጊዜ ሲጫን የአሜሪካኖቹን ሌተር ይዞ ይመጣል፣ ወርዱ 21.59፣ ቁመቱ 27.94። ሌተር ከኤ4 በ1.76 ሴንቲ ሜትር ያጥራል። ለአንድ ገጽ ምንም አይደለም፣ ለ12 ገጽ ሲደመር ግን ብዙ መስመር ነው። በዚህ ላይ ፎንቱ ሲለወጥ የፊደሎቹ ስፋት ይለወጣል። ከ12 ወደ 14 ያሳደገው በዋናነት ይኸው የፎንቱ ለውጥ ሳይሆን አይቀርም። ሌይአውት ውስጥ ሳይዝ ብለው ኤ4 ማድረግ ከሁሉ የሚቀድም ሥራ ነው፤ መጨረሻ ላይ ካስታወሱት እንደገና መደርደር ነው።

ሦስተኛው፣ አይቀየሙኝና፣ ስፔስ ባር ነው። ስሙን ጽፈው፣ ብሩ ያለበት ቦታ እስኪደርሱ ስፔስ ሲመቱ እንደነበር ሳላየው አውቃለሁ። ሆም ላይ ያለችውን ጀርባዋን የሰጠች ፒ የምትመስል ምልክት ቢጫኑ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይታይዎታል፣ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ስፔስ ነው። በጽሕፈት መኪና ዘመን ልክ ነበር፣ እዚያ ላይ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ዓይነት ስፋት ነበረው። ዎርድ ላይ "መ" እና "ነ" ስፋታቸው ይለያያል፣ ስለዚህ በስፔስ የተሰለፈ ነገር ፎንት በተነካ ቁጥር ይዛነፋል። በእሱ ፈንታ የስም ዝርዝሩን በሙሉ ይምረጡ፣ ፓራግራፍ መስኮት ውስጥ ከታች ታብስ የሚል አለ፣ 15.9 ሴንቲ ሜትር ብለው ይጻፉ፣ አላይመንቱን ራይት ያድርጉ፣ ሊደር ከሚለው ሥር ነጥብ ነጥብ ያለውን ሁለተኛውን ይምረጡና ሴት የሚለውን፣ ቀጥሎም ኦኬ የሚለውን ይጫኑ። ስፔሶቹን አጥፍተው ስሙን፣ ታብ፣ ብሩን ብቻ ይጻፉ። በመሐላቸው ነጠብጣቡ ራሱ ይሞላል፣ ብሮቹም በቀኝ ጠርዝ አንድ ላይ ይቆማሉ። 15.9 ያልኩት ከ21 ሴንቲ ሜትር ላይ በሁለቱም ጎን 2.54 ማርጂን (ባዶ የሚተው ጠርዝ) ሲነሳ የሚተርፈው እሱ ስለሆነ ነው፣ ማርጂንዎ ሌላ ከሆነ እንዲሁ ይቀንሱ።

ስለ ሁለት ዓምዱ አንድ ቃል። የአንዱ ዓምድ ወርድ ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ነው፣ አማርኛ ደግሞ "ስለሚያስፈልጋቸውም" የሚል ቃል ያለው ቋንቋ ነው። ጀስቲፋይ ሲያደርጉት፣ ማለትም በግራም በቀኝም ጠርዝ እኩል ሲያሰልፉት፣ ቃሉ አልበቃ ይልና ወደ ታች ይዘላል፣ የቀሩት ሦስት ቃላት መስመሩን ለመሙላት ይራራቃሉ፣ መሐላቸው ጥርሱ እንደ ወለቀ አፍ ይሆናል። ዓምዱ ጠባብ ሲሆን በግራ ብቻ አሰልፈው ይተዉት።

ሁሉንም ሲጨርሱ ማተሚያ ቤት የሚወስዱት የዎርዱን ፋይል አይሁን። ፋይል፣ ሴቭ አዝ፣ ፒዲኤፍ። ፒዲኤፉ ፎንቱን በሆዱ ይዞ ስለሚሄድ ቤትዎ ያዩት ገጽ ነው እዚያም የሚታየው። የዎርዱን ለራስዎ ያስቀሩት፣ ለሚመጣው ዓመት ስም ሲጨመር ያስፈልግዎታል።

ጥያቄ፦ ሪፖርት እያዘጋጀሁ ነው። መሐል ላይ ያለ አንድ ሠንጠረዥ ወደ ጎን ካልሆነ አይበቃም። ላንድስኬፕ ስለው 40ው ገጽ በሙሉ ይጋደማል። እስካሁን ለብቻው ሌላ ፋይል ላይ አትሜ መሐል ላይ እየሰነቀርኩ ነው የማስገባው።
የቢሮ ሠራተኛ

መልስ፦ መሰንቀሩ ይብቃህ። ሠንጠረዡን ከነርዕሱ ምረጠው፣ ሌይአውት ውስጥ ማርጂንስ ብለህ ከታች ከስተም ማርጂንስ ግባ። ላንድስኬፕን ምረጥና፣ አፕላይ ቱ በሚለው ቦታ ላይ ሴሌክትድ ቴክስት መሆኑን አይተህ ኦኬ በል። ዎርድ ራሱ ከፊትና ከኋላ ሴክሽን ብሬክ (የክፍል መለያ) ያስገባል፣ ያ ገጽ ብቻ ይጋደማል።

የሚያናድደው ከዚያ ቀጥሎ ነው። የተጋደመው ገጽ ላይ ሄደሩ (ከገጹ አናት ያለው ጽሑፍ) ወይም የገጽ ቁጥሩ ወርዱን አይደርስም። ልታስተካክለው ስትሞክር የሌሎቹም ገጾች አብረው ይነካሉ። ሄደሩ ላይ ሁለቴ ጠቅ ስታደርግ ሊንክ ቱ ፕሪቪየስ የሚል በርቶ ታያለህ፣ አጥፋው። ከሱ በኋላ ያለው ሴክሽን ላይም ሄደህ አጥፋው፣ ያኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከገጹ ግርጌ ባለው ፉተር ላይም ለየብቻ ነው የሚጠፋው። ሁለቱንም ካጠፋህ በኋላ መሐሉን እንደፈለግክ አድርገው። እንደገና ከ1 መቁጠር ከጀመረብህ ፎርማት ፔጅ ነምበርስ ውስጥ ኮንቲኒው ፍሮም ፕሪቪየስ ሴክሽን በለው።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ትንሽ ዓሣ ቤት አለችኝ። ሜኑ በዎርድ ልሠራ ብዬ የጉላሹን፣ የኮተሌቱን፣ የዱለቱንና የጥብሱን ፎቶ በስልኬ አነሳሁ። አራቱን በአንድ ገጽ ላይ እኩል ማሰለፍ አቃተኝ፣ አንዱ ይረዝማል አንዱ ይወፍራል። ሲታተም ደግሞ ይደበዝዛል። በዚያ ላይ ፋይሉ በጣም ከብዶ በኢሜይል አልሄድ አለኝ።
ባለ ዓሣ ቤቷ

መልስ፦ እህቴ፣ ከስልክሽ ወደ ኮምፒውተር በምን አሳለፍሽው? በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከላክሽው ቴሌግራም ራሱ አሳንሶታል። ስትልኪ እንደ ፋይል ላኪው፣ ያን ጊዜ እንዳነሳሽው ይደርሳል። ለጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ቢኖር ይመረጣል። 7 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ፎቶ በወርዱ ወደ 830 ፒክስል፣ ማለትም ነጥብ፣ ካለው ይበቃዋል፣ ገጹን ሙሉ የሚይዝ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን ወደ 1800 ይጠጋል። ትንሹን ፎቶ በማውስ ለጥጠሽ ብታሰፊው ነጥቡ አይጨምርም፣ ያው ነጥብ ይሰፋል፣ ድብዛዜው እሱ ነው።

ለማሰለፉ ፎቶዎቹን አትጎትቺ። ሁለት በሁለት የሆነ ቴብል አስገቢ። ቴብሉን ነክተሽ አውቶፊት ውስጥ ፊክስድ ኮለም ዊድዝ በዪው፣ አለበለዚያ ፎቶው ሲገባ ክፍሉን ይገፋዋል። ከዚያ እያንዳንዱን ፎቶ ክሮፕ ስር ባለው አስፔክት ሬሾ አንድ ዓይነት አድርገሽ ቁረጪ፣ ለምግብ 4 ለ 3 ወይም ካሬው ያምራል። ቁመታቸውን ፒክቸር ፎርማት ላይ በቁጥር አንድ አድርጊው፣ ወርዱ ራሱ ይከተላል። በጎን ያለችውን እጀታ ይዘሽ አትሳቢ፣ ኮተሌቱ የወፈረው ለዚህ ነው። ጥግ ላይ ያለችውን ብቻ። በየፎቶው ሥር እዚያው ክፍል ውስጥ የምግቡን ስምና ዋጋ ጻፊ። ሲያልቅ ቴብሉን በሙሉ መርጠሽ ኖ ቦርደር በዪው፣ መስመሩ ይጠፋል፣ ሰልፉ ይቀራል። ዋጋ ሲጨምር ቁጥሩን ብቻ መቀየር ነው፣ ይጨምራልና።

ክብደቱን በተመለከተ አንዱን ፎቶ ነክተሽ ኮምፕረስ ፒክቸርስ በይ። አፕላይ ኦንሊ ቱ ዚስ ፒክቸር የሚለውን ምልክት አንሺ፣ አራቱም ላይ እንዲሠራ። ለማተም ከሆነ 220 ይበቃል፣ በስልክ ለሚታይ ሜኑ 150 በቂ ነው። 96ቱ ላይ እንዳትሄጂ፣ ወረቀት ላይ ዱለቱ ምን እንደሆነ አይለይም። ዋናዎቹን ፎቶዎች ስልክሽ ላይ አስቀሪ፣ አንዴ ከተጨመቀና ሴቭ ከሆነ አይመለስም።

በር ላይ የሚሰቀል ትልቅ ባነር ካሰብሽ ግን ለሱ ዎርድ አይሆንም፣ ሥራው አይደለም። ባነር ለሚሠሩት ፎቶዎቹን ስጪያቸው።

ጥያቄ፦ ለሥራ ማመልከቻ ሲቪዬ ላይ ሦስት በአራት ጉርድ ፎቶ አስገቢ ተባልኩ። ያለኝ ፎቶ የምረቃ ቀን ከጓደኞቼ ጋር የተነሳነው ነው። እንዴት ልቁረጠው?
ሥራ ፈላጊዋ

መልስ፦ ክሮፕ፣ አስፔክት ሬሾ፣ ከፖርትሬት ሥር 3 ለ 4። ፍሬሙ ሲመጣ ውስጡ ያለውን ፎቶ እያንቀሳቀስሽ ፊትሽን መሐል አድርጊ፣ ከጭንቅላትሽ በላይ ትንሽ ክፍት ተዪ፣ ሲያልቅ ኤስኬፕ ምቺ። ከዚያ ቁመቱን 4 ሴንቲ ሜትር ብትዪው ወርዱ 3 ይሆናል። ሳጥኑ በኢንች ከሆነ አትጨነቂ፣ ከቁጥሩ ኋላ የእንግሊዝኛውን ሲኤም ብትጨምሪ ዎርድ ይገባዋል። ሲቪ ላይ ፎቶው በቀኝ ጥግ እንዲቆም ስለምትፈልጊ እዚህ ስኩዌር ቢሆን ችግር የለውም፣ አንድ ገጽ ነው፣ የሚያፈርስብሽ የለም።

ግን ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር ልንገርሽ። ክሮፕ ቆርጦ አይጥልም፣ ይደብቃል። ሲቪሽን በዎርድ ከላክሽው የተቀበለው ሰው ፎቶውን ነክቶ ሪሴት ፒክቸር ኤንድ ሳይዝ ቢል ጓደኞችሽ በሙሉ ተሰልፈው ብቅ ይላሉ፣ ከጎንሽ ቆሞ የነበረውም ልጅ ጭምር። ስለዚህ ኮምፕረስ ፒክቸርስ ውስጥ ግቢና ዲሊት ክሮፕድ ኤሪያስ ኦፍ ፒክቸርስ የሚለው ላይ ምልክት መኖሩን አይተሽ ኦኬ በይ። ሴቭ አድርገሽ ዝጊው፣ እንደገና ክፈቺውና ሪሴቱን ራስሽ ሞክሪው። ብቻሽን ከቀረሽ ላኪው።